ኢየሩሳሌም ስንት ሰዓት ያስኬዳል?



ዐቢይ ጾም ገብቶ ደብረ ዘይት ካለፈ፣ ሆሳዕናም እየተቃረበ ከመጣ፣ በየአጥቢያው ደጀ ሰላም አንድ ጥያቄ ይዘወተራል። ልጆቻቸው የመሳፈሪያ ገንዘብ የላኩላቸው እናቶች፣ ጡረታቸውን ለዓመታት ያጠራቀሙ አባቶች፣ በአጠቃላይም ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ስማቸውን ያስመዘገቡ ምእመናን ቀረብ ይሉና «ኢየሩሳሌም ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ሲሉ ይጠይቁናል። ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል ብሎ የጠየቀን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። አያቶቻችን ስለዚሁ መንገድ ሲጠይቁ የነበረው በወራት ነበር፤ ከዚያም አስቀድሞ «ማን ተመልሶ መጣ?» ይሉ ነበር።

እኛም «አራት ሰዓት ያህል» ብለን እንመልሳለን። መልሱ እውነት ነው። ከቦሌ የተነሣ ጄት አውሮፕላን በቴል አቪቭ አቅራቢያ ከሚገኘው ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሰው በዚህን ያህል ጊዜ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ማረፊያ የተሠራው በልዳ ከተማ አጠገብ ነው። የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት፣ ቅዱስ ጴጥሮስም ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ኤንያን የፈወሰባት ልዳ ይህችው ናት። በየወሩ በ23ኛው ቀን ጊዮርጊስን የሚዘክር ተሳላሚ ሁሉ፣ የደረሰበትን ስፍራ ሳያውቅ፣ ሻንጣውን ሲፈልግ ልዳን አልፏት ይሄዳል።

የአራት ሰዓቱ መልስ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይመስለንም። በዘንድሮው በዓል በደጀ ሰላም ቆመን በሁለት ቃል የምንመልሰውን ጥያቄ ጥቂት ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን።

በአዲስ አበባና በኢየሩሳሌም መካከል ያለው ርቀት በአየር ላይ በቀጥታ ሲለካ 2,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርታ ዘርግቶ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ የሚያገናኝ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። መሥመሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጥቂቱ ብቻ ወደ ምዕራብ ዘንበል እያለ፣ ወደ ሰሜን ያቀናል። ላስታንና ላሊበላን በስተ ቀኝ ትቶ በሰሜን ተራሮች ላይ ያልፋል። ትግራይንና የኤርትራን ቆላ ካቋረጠ በኋላ ሱዋኪን ከተባለችው ጥንታዊት የሱዳን ወደብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ፣ ባሕሩንም በሰያፍ ተሻግሮ፣ ከዓቃባ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምሥራቅ ያልፍና የሙት ባሕርን ነክቶ ኢየሩሳሌም ይገባል። ሱዋኪንን አንባቢ በልቡ እንዲይዛት እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

መሥመሩ ከሞላ ጎደል ወደ ሰሜን የቀና በመሆኑ ተጓዡ ከፀሐይ ጋር አይጣላም። ሁለቱ ከተሞች በኬንትሮስ የሚለያዩት በሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ከሆነ ከ14 ደቂቃ በኋላ በኢየሩሳሌምም እኩለ ቀን ይሆናል። እስራኤላውያን በበጋቸው ወራት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያስኬዱ፣ በትንሣኤ ሰሞን የሁለቱ ከተሞች ሰዓት እኩል ነው፤ በልደት ሰሞን ግን እነርሱ በአንድ ሰዓት ከእኛ ኋላ ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ዘመዳችን ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ሆኖበት ለቀናት ሲደነጋገር፣ የኢየሩሳሌም ተሳላሚ በለመደው ሰዓት ተኝቶ በለመደው ሰዓት ለኪዳን ይነሣል።

ሌላም ነገር አለ። መጻሕፍት ወደ ኢየሩሳሌም «መውጣት» ይላሉ። እኛ ግን የምንወርድ ነን። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ኢየሩሳሌም ያለችው ከ800 ሜትር ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ነው። በዐሥርና በዐሥራ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲበር እንኳ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ከ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ የባሰ ስለማይሆን፣ የአዲስ አበባ ሰው በሰማይ ላይ ሳለ የሚተነፍሰው የለመደውን የከተማውን አየር የመሰለ ነው። መውጣት ቢኖር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አውሮፕላኑ በልዳ ሜዳ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳይል ካረፈ በኋላ፣ አውቶቡሱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የይሁዳን ኮረብታ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አንዳንድ እናቶች እልልታቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ዳገት ላይ ነው፤ ትክክልም ናቸው።

በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 2,560 ኪሎ ሜትር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ታዲያ አራተኛው ሰዓት ከየት መጣ? ከፊሉ በመንደርደሪያው ላይ ተራ በመጠበቅ፣ ወደ ላይ በመውጣትና ለማረፍ ቀስ እያሉ በመውረድ ያልፋል። የቀረው የሰው ሥራ ነው፤ አውሮፕላን በማስመሪያ መሥመር ላይ አይሄድም። ሰማይም እንደ ምድር ድንበርና ባለቤት አለው። ሳዑዲ ዓረቢያ ሰማይዋን ለሁሉም አየር መንገዶች መክፈቷን ያስታወቀችው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የዚያች ሀገር ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። አንድ በር ሲከፈት ሌላው ሲዘጋ፣ አብራሪው የሚከተለው መንገድ ይረዝማል፣ ያጥራል።

እንግዲህ ከአውሮፕላኑ ወርደን ወደ ጥንቱ መንገደኛ እንሂድ። አንድ ብርቱ ሰው በቀን 25 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል ብንል፣ ያንኑ ቀጥታ መሥመር ለመጨረስ ከ100 ቀን በላይ ያስፈልገዋል። የዐቢይ ጾም ቀኖች 55 ስለሆኑ ሁለት ዐቢይ ጾም ሊሆን ጥቂት የቀረው ጊዜ ማለት ነው። ይህም ባሕርና በረሃ፣ ውኃ ጥምና ወንበዴ ሳይቈጠሩ ነው። የእግር መንገድ ደግሞ ከቶ ቀጥታ ሆኖ አያውቅም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘውን ጃንደረባ አስቡት። የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ይህ ሰው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። ፊልጶስ ያገኘው በመመለሻው፣ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ነው። መንገዱ ረጅም ባይሆን ኖሮ ለማንበብም፣ ያልገባውን ለመጠየቅም፣ ሠረገላውን አስቁሞ ለመጠመቅም ጊዜ ከየት ያገኝ ነበር? በዛሬው አራት ሰዓት ግማሹ በምግብ ሰሃንና በቅጽ መሙላት እንደሚያልፍ የሄደበት ያውቀዋል። እኛ ራሳችን አንድ ጊዜ ከቦሌ ስንነሣ መዝሙረ ዳዊትን ጀምረን፣ መንኰራኩሩ መሬት ሲነካ ገና አልፈጸምነውም ነበር።

አሁን ወደ ሱዋኪን እንመለስ። አውሮፓውያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሀገራችን ሊያውቁ በተነሡ ጊዜ የጠየቁት ኢየሩሳሌም የደረሱ ኢትዮጵያውያን መነኰሳትን ነበር። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለው የቬኒስ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታት ከእነዚህ መነኰሳት ቃል እየተቀበለ የመንገዱን ዝርዝር ጽፏል። መነኰሳቱ መንገዱን ይቈጥሩት የነበረው በቀን ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ስንት ቀን፣ ከዚያስ እስከ ወዲያኛው ስንት ቀን እያሉ። ምድራቸውን በእግራቸው ስለሚያውቁት ሌላ መለኪያ አላስፈለጋቸውም።

ከእነዚያ መንገዶች አንዱ ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ሱዋኪን፣ ከሱዋኪንም ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ ወደ ቅድስት ሀገር የሚወስደው ነበር። ማስመሪያ ያልነበራቸው አባቶቻችን የመንገዳቸውን መጀመሪያ በማስመሪያው መሥመር ላይ አኑረውት እናገኛለን። ነገር ግን በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ መንገድ ስለደረሰ ታላቅ ኀዘን ጽፎልናል። ከ300 በላይ የሆኑ መነኰሳት በአንድነት ተነሥተው ሲጓዙ ጥቃት ደረሰባቸው፤ ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፣ ወጣቶቹ ለባርነት ተሸጡ፣ ያመለጡት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ አውሮፕላን በዚያ አካባቢ ሰማይ ሲያልፍ የሚፈጅበት ደቂቃ ነው፤ ከታች ያለው ምድር ግን የእነዚያን ሰዎች አጥንት የያዘ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ በሀገሩ ሌላ መፍትሔ ማዘጋጀቱ አያስገርምም። ከመሥመሩ በስተ ምሥራቅ ትተናት ያለፍነው ላሊበላ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፣ ጎልጎታ የሚባል ቤተ መቅደስ አላት። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ላሊበላ ይህን ያደረገው ሕዝቡ በሩቅ መንገድ እንዳይደክምና እንዳያልቅ አስቦ ነው። ቢሆንም መንገደኛው አልቆመም። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በዴር ሡልጣን ገዳም፣ በጭቃ ጎጆ እየኖሩ ቦታውን ለዘመናት ያላስነጠቁት መነኰሳት በዚያው መንገድ የሄዱ ናቸው። ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ ያለው፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የተሠራውም ገና አንድ ኢትዮጵያዊ በአየር ሳይሄድ ነው።

ባቡርና መርከብ ወራቱን ወደ ቀናት አወረዱት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ዋና ከተማችን ከደረሰ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌም የገቡት በባቡርና በመርከብ ነበር። ከዚያ ጉዞ የተረፈው ታሪክ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ወላጆቻቸውን በግፍ ያጡ 40 የአርመን ልጆችን በዚያ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፣ ልጆቹም የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ሆኑ። ሁለተኛው ጉዞ ግን መራራ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የኢጣሊያ ጦር እየተቃረበ ሲመጣ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሀይፋ ወረዱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ስድስት ቀን ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ የፈጠነ ጉዞ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ለስደተኛ ንጉሥ ግን እያንዳንዱ ቀን ስንት እንደነበረ መገመት ያዳግታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ፍጥነት፣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው፣ የኢየሩሳሌምን ርቀት ያለ ማቋረጥ መብረር ቢቻል እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ በወሰደ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄት ሲመጣ፣ ለእርሱም ሲባል ከልደታ ሜዳ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ ፍጥነቱ በሦስት እጥፍ አደገ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመታት አልፈዋል፤ አውሮፕላኖቹ ሰፍተዋል፣ ነዳጅ ቆጥበዋል፣ ፍጥነታቸው ግን ብዙም አልጨመረም። የአያቶቻችንን ወራት ወደ ሰዓታት ያወረደው ዘመን አንድ ጊዜ ዘሎ የቆመ ይመስላል።

ሰዓትና ርቀት ምን ያህል እንደማይተዋወቁ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ታሪክ ነው። መሥመራችን በሚያልፍበት በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ዙሪያ ለዘመናት የኖሩት እነዚህ ወገኖች፣ በየዓመቱ በስግድ በዓል ተራራ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ሲጸልዩ ኖረዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሺህ የሚቈጠሩት ከሱዳን ወደ እስራኤል ለመሻገር በእግራቸው ተነሡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች በረሃብ፣ በበሽታና በወንበዴ እጅ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ይገኛል። ከሱዳን የተረፉት በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአየር ተጓጓዙ። ወንበሮቹ በተነቀሉለት በአንድ ቦይንግ 747 ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ በበረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም አሉ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ታላቅ ወንድም በሱዳን በረሃ ወራት ተጉዞ ሳይደርስ ሲቀር፣ ታናሽ እኅቱ ከስድስት ዓመት በኋላ በአራት ሰዓት ደረሰች። ርቀቱ ያው ርቀት ነው።

የእኛም አራት ሰዓት ቢሆን ሁልጊዜ በእጃችን ያለ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተሳላሚ ተዘግቶ፣ የትንሣኤው ብርሃን በጥቂት ካህናት ብቻ ተከብሯል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. በእስራኤልና በኢራን መካከል ጦርነት ሲነሣ የእስራኤል ሰማይ በአንድ ሌሊት ተዘጋ፤ በዚያ የተገኘ መንገደኛ በዮርዳኖስ፣ በግብፅ ወይም በባሕር መውጫ ሲፈልግ ሰነበተ። ገንዘቡን ከፍሎ ቪዛውን ተቀብሎ በቤቱ የተቀመጠ ተሳላሚ ኢየሩሳሌም ስንት ሰዓት ያስኬዳል ተብሎ ቢጠየቅ በእንደዚያ ያለ ወቅት ምን ይመልስ ነበር?

በመጨረሻ ከራሳችን ጉዞ አንድ ነገር እንጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተሳላሚዎች ጋር ለትንሣኤ ሄደን ነበር። ከመካከላችን ከመንዝ የመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት አውሮፕላን ቀርቶ ባቡር አይተው አያውቁም። ሲሄዱ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ክንዳችንን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምን ነካው? ይመለሳል እንዴ?» አሉን። ደረስን ስንላቸው አላመኑም። «እኔ እኮ ገና አልተዘጋጀሁም» አሉ፤ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ። ምን እንደምንመልስላቸው አጥተን ዝም አልን።

ሲመለሱ የሆነው ግን የእኛ ጥፋት ነው። እማሆይ ከዮርዳኖስ ውኃ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ቀድተው፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ በእጅ ሻንጣቸው ይዘውት ነበር። ለአልጋ ቁራኛ ታናሽ እኅታቸው ነው። ከአንድ መቶ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት እንደማይፈቀድ፣ ውኃው ከሚጫነው ጓዝ ጋር መግባት እንዳለበት ሁሉንም በየተራ መንገር የእኛ ኃላፊነት ነበር። ከዋዜማው ጥድፊያ የተነሣ እርሳቸውን ዘለልናቸው። በፍተሻው ጠርሙሱ ወጥቶ ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ከሣጥን ተጣለ። እማሆይ አልተከራከሩም፤ ነጠላቸውን አጥፈው መልሰው ያዙና ተራቸውን ጠብቀው አለፉ። አራቱን ሰዓት ሙሉ ምግብም ውኃም አልቀመሱም፤ በመስኮቱ ወደ ታች ሲመለከቱ ዋሉ። ያ ጉዞ ለእኛ ከአራት ሰዓት በላይ ነበር።

ቦሌ ስንደርስ፣ ሻንጣ የሚመጣበት ተሽከርካሪ አጠገብ ቆመን የራሳችን ጓዝ እስኪደርስ ጠበቅን። በውስጡ በልብስ መሃል የተጠቀለለ ውኃ ነበረን። እማሆይ ባዶ ዕቃ ስላልነበራቸው፣ አንድ ወጣት መንገደኛ ጠጥቶ የጨረሰውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጠን። ግማሹን እዚያው ቆመን ቀዳንላቸው። ክዳኑን ሦስት ጊዜ አጥብቀው አዩትና «አሁንስ የሚወስድብኝ አለ?» ብለው ጠየቁን። የለም አልናቸው። እስከ መንዝ ገና የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነበራቸው።